ስለ ጥርስ መንቀዝና ስለ ድድ ሕመም
(ለፍላቂትና ለአካባቢው ተወላጅ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




የዕረፍቱ ጊዜ ተቃርቧል። ከመካከላችን የመቄትና የላስታ ተወላጅ የሆኑት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በወልድያ መንገድ ተሳፍረው፥ ጋሸናን አልፈው ፍላቂት ላይ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደየቀያቸው ይበተናሉ። ተማሪ አገሩ በገባ ጊዜ ዘመድ አዝማድ መሰብሰቡ፥ ከተሰበሰበም በኋላ የተማረውን ነገር መጠየቁ የታወቀ ልማድ ነው። ከሚመጣውም ጥያቄ አንዱ የጥርስ ነገር ነው። «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ ይኸ ጥርሴ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ያድራል፤ ምን ይሻለኛል?» ይላሉ እናት። «ድዴ ይደማል፤ ጥርሴም ተነቃነቀ፤ እንግዲህ አረጀሁ መሰለኝ» ይላሉ አባት። በዚህ ጊዜ ከንፈር መምጠጥ ብቻ ለተማሪ አይበቃም። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ሁላችንም ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ይዘን እንድንሄድ ነው።

ነገሩን ከቋንቋችን እንጀምር። አማርኛ የታመመን ጥርስ «ነቀዘ» ይለዋል። ይህ ቃል ለእህልም የምንናገረው ነው። ገበሬ ጎተራውን ከፍቶ ገብሱን ሲያፍስ፥ ፍሬው ከላይ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ነቀዘ ይላል። ጥርስም እንዲሁ ከላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ታይታበት ውስጡ ተቦርቡሮ ይገኛል። ምሳሌውን የሰጡት አባቶች አስተውለው ነው። ሆኖም በእህል ውስጥ ነቀዝ እንዳለ ሁሉ በጥርስም ውስጥ የሚበላ ትል አለ የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አደረ። ስለዚህም ጢስ እየታጠነ፥ ቅጠል እየተነከሰ፥ ትሉን ለማስወጣት ይደከማል።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥንት የባቢሎን ሰዎችም የጥርስ ሕመም ከትል እንደሚመጣ በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈው ትተዋል። በአውሮፓም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ይታመን ነበር። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1728 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ትሉን አልተቀበለውም። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱም በፊት በ1683 ዓ.ም. አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ በጥርሱ መካከል ያገኘውን ነጭ ነገር ፍቆ፥ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ቢመለከተው፥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሕያዋን ሲንቀሳቀሱበት አየ። እንግዲህ በአፋችን ውስጥ ሕያው ነገር አለ ያለ ሰው ጨርሶ አልተሳሳተም። የተሳሳተው በመጠናቸውና በሥራቸው ላይ ነው። ትል አይደሉም፤ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጥርሱንም አይበሉትም፤ የሚበሉት እኛ የምንበላውን ስኳር ነው።

አሁን ሐኪሞች «ፕላክ» የሚሉትን ነገር እንመልከት። ጥርስ ታጥቦ ከጠራ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከምራቅ የሚወጣ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። በዚህ ሽፋን ላይ ባክቴሪያዎች እየመጡ ይጣበቃሉ፤ ይራባሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። በማግሥቱ ጠዋት ምላሳችንን በጥርሳችን ላይ ብናንሸራትት የሚሻክረንና የሚያዝገን፥ በጥፍር ብንፍቀው እንደ ሊጥ ሆኖ የሚወጣው ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ይኸው ነው። በውኃ መጉመጥመጥ አያስለቅቀውም። ባክቴሪያዎቹ በተለይ ከስኳር የሚሠሩት ሙጫ አላቸውና በእርሱ እየተጣበቁ ቤታቸውን ያጸናሉ። ከእነዚህም ውስጥ በጥርስ መንቀዝ ስሙ የታወቀው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ የሚባለው ሲሆን፥ በ1924 ዓ.ም. ክላርክ የሚባል የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ ለይቶታል።

ጥርስን የሚጎዳው ከዚህ የሚከተለው ነው። ጠላ ጠማቂ ሁሉ እንደምታውቀው፥ እርሾ በጣፋጭ ነገር ላይ ሲሠራ መልኩንና ጣዕሙን ይለውጠዋል። የጥርስ ባክቴሪያዎችም ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ፥ ማለት ወደ ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል። አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በበርሊን ሲሠራ ቆይቶ በ1890 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። የጥርስ የላይኛው ክፍል፥ ኢናሜል የሚባለው፥ በሰውነታችን ካለው ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከመቶ 96 እጁ ማዕድን ነው። ዳሩ ግን ድንጋይ የማይበግረው ይህ ነገር ለአሲድ ይሟሟል። የኮምጣጣነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ሲለካ፥ በጥርሱ ላይ ያለው ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑ ከጥርስ መውጣት ይጀምራል። ፒኤች ዝቅ ባለ መጠን ኮምጣጣነቱ እንደሚበረታ ልብ በሉ።

ተፈጥሮም መከላከያ ሳትሰጠን አልቀረችም። ምራቅ አሲዱን ያበርዳል፤ የጠፋውንም ማዕድን በመጠኑ ይመልሳል። ለዚህ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ጥርስ ቀኑን ሙሉ በዚህ በመፍረስና በመጠገን መካከል ነው የሚኖረው። ጥገናው ከፈረሰው የበለጠ እንደ ሆነ ጥርስ ደኅና ነው፤ መፍረሱ ሲበልጥ መጀመሪያ ነጭ ነጥብ፥ ቀጥሎ ቡናማ፥ ኋላም ጉድጓድ ይሆናል። በነጩ ነጥብ ደረጃ ሕመም የለም፤ ሊመለስም ይችላል። ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ግን በሐኪም ካልተሞላ በቀር ራሱ አይደፈንም። አሲዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቭ ካለበት ሲደርስ እናታችን የነገረችን የሌሊት ጥዝጣዜ ይመጣል። እንግዲህ ሕመሙ የመጨረሻው ምልክት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ጥርስን በመጉዳት ረገድ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ የሚቀርብበት ጊዜ መደጋገሙ ይከፋል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው ጣፋጭ ነገር በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋራ ቢወስድና በያንዳንዱ ጊዜ ጥርሱ ግማሽ ሰዓት በአሲድ ቢቆይ፥ ጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሌላው ያንኑ ስኳር ከፋፍሎ ስምንት ጊዜ ቢወስደው አራት ሰዓት ይሆናል። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ስኳር እየተጨመረ ረዥም ሰዓት ሲጠጣ፥ ምራቅ ጥገናውን ሳይጨርስ ሌላው ስኒ ይደርስበታል። ቡናውን በራሱ አንነቅፍም፤ ያለ ስኳር የተጠጣ ቡና ለባክቴሪያ ቀለብ አይሆንም።

ማርንም በዚህ ላይ እንጨምራለን። ላስታ የማር አገር ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት የሚለው ትውፊትም በአገራችን የታወቀ ነው። ማሩ ክብር ይገባዋል። ለጥርስ ባክቴሪያ ግን ከላስታ ቀፎ የመጣ ማርና ከሱቅ የተመዘነ ስኳር አንድ ነው፤ ሕፃን ዝም እንዲል ጣትን በማር ነክሮ ማጥባትም ጥርሱን ይጎዳዋል። በአንጻሩ የደጋው ሰው ከልጅነቱ የሚቆረጥመው የገብስና የባቄላ ቆሎ ስኳር የተጨመረበትን ብስኩትና ከረሜላ ያህል አያሰጋም። የገጠሩ ወላጅ ከከተማ ሲመለስ ለልጁ ከረሜላ ይዞ ቢገባ የፍቅር ምልክት ነው፤ ከምግብ በኋላ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ማብቃት እንጂ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ እንዲቆይ ማድረግ አይገባም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ መውደቃቸው አይቀርም እየተባለ ይናቃሉ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን ግን ከወተት ጥርሶች በስተኋላ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ምንም ጥርስ ሳይወድቅላቸው ስለሚወጡ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል። ዕድሜ ልክ የሚኖሩ ናቸው። የልጁ እጅ ወደ ኋላ አይደርስም፤ እናትም አታያቸውም፤ በዚህ ሁኔታ ቀድመው ይነቅዛሉ። አገር ስትገቡ የስድስትና የሰባት ዓመት ታናናሾቻችሁን አፍ ከፍታችሁ ይህን ጥርስ አሳዩ።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ፥ ወደ ድዱ እንለፍ። ይኸው ፕላክ በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ሲከማች ሌላ ጉዳት ያመጣል። ይህንን ያረጋገጠው ሥራ ለተማሪዎች በተለይ የሚስብ ነው። በ1965 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር በኦርሁስ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ፥ ሐራልድ ሎ የተባለው ምሁርና ባልደረቦቹ ድዳቸው ደኅና የሆነ 12 ሰዎችን መረጡ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጥርሳቸውን ማጽዳት ጨርሰው እንዲተዉ አደረጓቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ቀላ፤ አበጠ፤ ሲነካም ደማ። ከዚያም እንደገና ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ። ፕላኩ መጣ፥ ሕመሙ መጣ፤ ፕላኩ ሄደ፥ ሕመሙ ሄደ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ሊኖር አይችልም።

ስለዚህ ድድ የሚደማው ሰው ምን ያደርጋል? አብዛኛው ሰው ደም ሲያይ መፋቁን ይተዋል፤ «ነካሁትና ቆሰለ» ይላል። ሥራው ግን የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። የሚደማው ድድ አብዛኛውን ጊዜ ያልጸዳው ድድ ነው፤ በለስላሳ ነገር፥ በትዕግሥት፥ በየቀኑ ቢጸዳ ደሙ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። በእርግዝና ጊዜ ድድ ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ስለሚሆን እርጉዝ ሴት መፋቋን ልትተው አይገባም። በአገራችን ደግሞ ብዙ እናቶች ለውበትም ለመድኃኒትም ብለው ድዳቸውን ተወቅረዋል። ውቅራት የጠቆረው ድድ ሲቀላ አይታይም። ለእነዚህ እናቶች ቅላቱን አንጠብቅ፤ ደሙን፥ እብጠቱንና የአፍን ጠረን እንጠይቅ።

ችላ ከተባለ ግን ነገሩ ይጠልቃል። ፕላኩ በምራቅ ማዕድን እየጠነከረ እንደ ኖራ ይደርቃል፤ በዚህ ጊዜ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም፤ የጥርስ ባለሙያ በመሣሪያ ይጠርገዋል። ባክቴሪያዎቹ ከድዱ ሥር ይገባሉ። ሰውነትም ሊዋጋቸው ሲነሣ በዚያው ጦርነት ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል። ያለ ሕመም፥ ቀስ በቀስ፥ በዓመታት ውስጥ ስለሚሆን ሰው አያውቀውም። የጠፋው አጥንት እንደ ነበረ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ማዳን ነው። ትምባሆና የስኳር በሽታ ይህን ሕመም ያባብሱታል። እንግዲህ አባታችን «አረጀሁ» ሲሉን፥ ጥርስን የሚያነቃንቀው ዕድሜ ብቻውን አይደለም፤ በሥሩ የቆየው ቆሻሻ ነው ብለን በአክብሮት እንመልስላቸው። ጥርሱን ያጸዳ ሽማግሌ ቆሎውን እየቆረጠመ ሊያረጅ ይችላል።

በሕፃናትም ላይ ከድድ የሚነሣ አስፈሪ በሽታ አለ፤ ኖማ ይባላል። በረኃብ በተጎዳ ወይም ከኩፍኝና ከመሰለው ሕመም ገና በተነሣ ሕፃን ድድ ላይ እንደ ቁስል ይጀምርና በጥቂት ቀን ውስጥ ጉንጭን ይበሳል። ኢትዮጵያም ይህ በሽታ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። መጀመሪያ ላይ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በምግብ ይቆማል። የከሳ ሕፃን ድዱ ቆስሎ፥ አፉ ሸትቶ፥ ጉንጩ ካበጠ ለነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መድኃኒቱን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። የወይራና የክትክታ መፋቂያ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም መፋቂያ በሚገኝበት አገር ሰዎች እንዲጠቀሙበት ደግፏል። ጉድለቱ ከእንጨቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ሰው የሚፍቀው የሚታየውን የፊት ጥርስ ነው፤ የኋላው መንጋጋና በምላስ በኩል ያለው ገጽ ይረሳል። ሕመሙ ደግሞ የሚበረታው እዚያ ነው። ስለዚህ እርጥብ መፋቂያ ቆርጦ፥ ልጡን ልጦ፥ ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማላላት፤ ከዚያም ከድዱ ወደ ጥርሱ እያደረጉ ቀስ ብሎ በውጭም በውስጥም መፋቅ ነው። ያገለገለው ጫፍ እየተቆረጠ ይጣላል። ጠዋት የሚፋቅ ሰው ብዙ ነው፤ ከመኝታ በፊት የሚፋቅ ግን ጥቂት ነው። ሌሊት ምራቅ ስለሚያንስ ጥርስ ጠባቂ የሌለው ያኔ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ቢኖር የማታውን ይምረጥ።

ብሩሽና ሳሙና ያገኘ ሰው ደግሞ ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና ይግዛ፤ በማሸጊያው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ተጽፎ ይገኛል። ፍሎራይድ ጥርስ ማዕድኑን መልሶ እንዲይዝ ያግዛል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የስንዴ ቅንጣት የሚያህል፥ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። ብሩሽ የሌለውም ሳሙናውን በመፋቂያው ጫፍ ላይ አድርጎ ሊፋቅበት ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ «በወንጂና በመተሐራ የሰዉን ጥርስ ያበለዘው ፍሎራይድ አይደለምን?» የሚል። እውነት ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለበትና ልጅ ጥርሱ በሚሠራበት ዕድሜ ለዓመታት ሲጠጣው ይበልዛል። ይህ ከውስጥ የገባ ነው፤ በመፋቅም አይለቅም። ጥርስ ተፍቆ የሚተፋው ጥቂት ሳሙና ከዚህ ጋራ አይመሳሰልም።

የማይደረገውንም እንናገር። ጥርስን በከሰልና በአሸዋ አጥብቆ መፈግፈግ ኢናሜሉን ይልጠዋል። በአንድ ጉጠት የብዙ ሰው ጥርስ መንቀል የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፥ ትኩሳት ከተነሣ፥ አፍ መክፈትና መዋጥ ካስቸገረ፥ ጉዳዩ ከጥርስ ሕመም አልፎ የሕይወት ጉዳይ ሆኗል፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከፍላቂት ወልድያ ወይም ደብረ ታቦር ድረስ ለመድረስ ገንዘብም መኪናም ያስፈልጋል፤ መንገዱም ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ለጥርስ ብሎ ይህን ወጪ አያወጣም፤ ሕመሙን ችሎ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ነው በየቀኑ በአንዲት መፋቂያ የሚደረገው መከላከል ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው።

የተማሪውንም ነገር ሳንጠቅስ አንጨርስም። ከገጠር የመጣ ተማሪ ከተማ ሲገባ መፋቂያ መያዝ የኋላ ቀርነት ምልክት ይመስለዋል፤ ለብሩሽም ገንዘብ ያጥረዋል። ከሁለቱም ሳይሆን ይቀርና በዚያው ላይ በየዕረፍቱ ባለስኳር ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይጨመርበታል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። አገሩን አስተምራለሁ የሚል ሰው ትምህርቱን ከራሱ አፍ ይጀምር።

በመጨረሻም ለማኅበሩ አባሎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ እያንዳንዳችን አገር በገባን ጊዜ ቢያንስ አንድ ቤተ ሰብ ሰብስበን ይህንን ነገር በቀላል አማርኛ እናስረዳ። ሁለተኛ፥ ነገሩን በዐይን እናሳይ፤ ቀይ ሥር አኝኮ በውኃ የተጉመጠመጠ ሰው ፕላክ ባለበት ቦታ ቅላቱ ይቀርበታል፤ እዚያ ላይ ተፍቆ ሲጠራ ሕፃንም ሽማግሌም ያምናል። ሦስተኛ፥ የየቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የትምህርት ቤቱን መምህራን እናማክር፤ እኛ በክረምቱ መጨረሻ እንመለሳለንና ሥራውን የሚቀጥሉት እነርሱ ናቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአፍ በሽታ ያለበት ሕዝብ 3.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ይህን ቁጥር የሚቀንስ ሥራ በትልልቅ ከተሞች ብቻ አይሠራም። ጎተራውን ከነቀዝ የሚጠብቅ ገበሬ እህሉን በፀሓይ ያሰጣል፤ ያበጥራል፤ ጎተራውን ይመርጋል፤ ከነቀዘ በኋላ ግን ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው። ፍላቂት ላይ ስንወርድ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ይህንኑ የሚያውቁትን ጥበብ ለጥርሳቸውም እንዲያውሉት እንንገራቸው።